የኤልያስ ስሜ ዙፋኖች በማኅሌት ጆሮ

ኤልያስ ስሜን ብዙ ሰው የሚያውቀው በመርፌና በክር፣ ኋላም ከመርካቶ በሰበሰባቸው የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጮች በሠራቸው ግዙፍ ሥራዎቹ ነው። ለመድረክ የሠራው ብዙም አይነሳም። እ.ኤ.አ. በ2009 ፒተር ሴላርስ የስትራቪንስኪን «ኤዲፐስ ሬክስ» ከ«የመዝሙራት ሲምፎኒ» ጋር አጣምሮ ከሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ ጋር ሲያቀርብ ዙፋኖቹን የሠራው ኤልያስ ነበር። በዓመቱ ዝግጅቱ ሲድኒ ኦፔራ ሃውስም ደረሰ።

ለዓይን ዙፋኖቹ ሙሉ ናቸው። «ኤዲፐስ ሬክስ» የሚዘመረው በላቲን ነው፤ ቃሉ የማይገባው ተመልካች የንጉሡን ውድቀት የሚያይበት ነገር ይሻል። ከባዱ መቀመጫ ያንን ይሰጠዋል፤ ሰውየው ሲወድቅ ዙፋኑ እንደቆመ ይቀራል።

ቅሬታዬ በድምፁ ላይ ነው። «የመዝሙራት ሲምፎኒ» የተደረሰው በዳዊት 38፣ 39 እና 150 ላይ ነው። መቶ ሃምሳኛው ከበሮን በስሙ ይጠራል፤ ዳዊት የደገመ ጎጃሜ ሁሉ ያውቀዋል። ጎጃም ይበልጥ የሚታወቀው በቅኔው ቢሆንም፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ለበዓል ማኅሌት የቆመ ሰው እንጨትና ቆዳ ምን ማድረግ እንደሚችሉ ጆሮው ይነግረዋል። በአቋቋሙ ሥርዓት፣ በዝማሜ መቋሚያው ከሰውነት ጋር ይወዛወዛል። በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፣ በጽፋት ምቱ ይፈጥናል። ሌሊቱን ሙሉ የደከመ ሊቅ የሚደገፍበት ዘንግ ራሱ የዜማው ልክ ነው። ግንድ ተቦርቡሮ ቆዳ የለበሰውም ከበሮ ቅርጹ የተወሰነው በሚሰጠው ድምፅ ነው፤ ያንዱ አፍ መስፋትና የሌላው መጥበብ ለውበት ብቻ አይደለም።

የኤልያስ ዙፋኖች ግን ይታያሉ እንጂ አይሰሙም። ድምፁ ሁሉ የኦርኬስትራውና የመዘምራኑ ነው። ከበሮ በሚጠራ መዝሙር መካከል ይህ ያህል እንጨት ዝም ማለቱ ይቆጨኛል።

ዝምታ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በዚያው እ.ኤ.አ. 2009 በጀመረው «ታይትሮፕ» በተሰኘው ተከታታይ ሥራው የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የኮምፒውተር ማዘርቦርድና የቁልፍ ሰሌዳ ቁልፎች በሰሌዳ ላይ ተጠላልፈው እናያለን። እዚህ ዝምታው ያሳምነኛል፣ ያሳዝነኛልም። እነዚህ ነገሮች የሰው መልእክት ሲያመላልሱ፣ ጣት ሲነካቸው ኖረው ነው ጸጥ ያሉት፤ ተመልካቹ ያለፈባቸውን ሁሉ ከሥራው ላይ ያነባል። ዙፋኑ ግን ድምፅ አጥቶ ሳይሆን መጀመሪያውንም ሳይሰጠው መድረክ ላይ ወጣ።

ማኅሌቱን ወደ ኮንሰርት አዳራሽ ይውሰደው ማለቴ አይደለም፤ ቦታው ቤተ ክርስቲያን ነው። ነገር ግን ኤልያስ ከመስከረም አሰግድ ጋር የመሠረተው ዞማ ሙዚየም አለ፤ ጭቃና ጭድ በባህላዊው ጥበብ ግድግዳ የሆኑበት ቦታ። እዚያ ከአንድ የአቋቋም መምህር ጋር ተቀምጦ አዲስ ሥራ ቢጀምር፣ ግንዱን ከመጥረቡ በፊት አንኳኩቶ ይመርጠው ነበር።