የሴምቤን መታሰቢያና በር ላይ የቀሩት ተመልካቾች

በቅርቡ በከተማችን ካሉት ሲኒማ ቤቶች አንዱ፣ ለሴኔጋላዊው ደራሲና የፊልም አዘጋጅ ለኡስማን ሴምቤን መታሰቢያ እንዲሆን፣ ከፊልሞቹ አምስቱን በአምስት ምሽት አሳይቶ ነበር። ሴምቤን የሞተው በ2007 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ የተቈጠረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። አምስቱንም ምሽት ተገኝቼ ስላየሁ፣ ስለ ፊልሞቹም ስለ አከባበሩም የተሰማኝን ለጓደኞቼና ለመምህራን ለማቅረብ እወዳለሁ። የሐሳቤ ፍሬ ነገር አስቀድሞ ይነገር እንደ ሆነ ይህ ነው፤ ትርኢቱ ሰውየውን አክብሮታል፤ ሰውየው የደከመላቸውን ሰዎች ግን በር ላይ ትቷቸዋል።

ሴምቤን በ1923 በደቡብ ሴኔጋል፣ በዚጊንሾር ከተማ ከዓሣ አጥማጅ ቤት ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ ጦር ውስጥ አገለገለ፤ ከዚያም በማርሴይ ወደብ ጫኝና አውራጅ ሆኖ ሲሠራ በራሱ ጥረት እያነበበ ደራሲ ለመሆን በቃ። የመጀመሪያ ልብ ወለዱን በ1956፣ ስለ ባቡር ሠራተኞች አድማ የሚናገረውን ታላቅ መጽሐፉን በ1960 አወጣ። ሁለቱም የተጻፉት በፈረንሳይኛ ነበር። ወደ አፍሪካ በተመለሰ ጊዜ ግን፣ ታሪካቸውን የጻፈላቸው ሠራተኞችና ገበሬዎች መጽሐፉን ለማንበብ የማይችሉ መሆናቸውን ተገነዘበ። ስለዚህ አርባ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ወደ ሞስኮ ሄዶ የፊልም ሥራ ተማረ። ሲኒማን የማታ ትምህርት ቤት ብሎ መጥራት ይወድ ነበር፤ ፊልሞቹንም ይዞ ወደ ገጠር እየወጣ ከተመልካቹ ጋራ ይወያይ ነበር። እንግዲህ ስለ ሴምቤን የሚፈርድ ሁሉ መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው፣ ፊልሙ ማማሩን ብቻ ሳይሆን ለማን እንደ ተነገረም ነው።

በመጀመሪያው ምሽት የታየው የ1963ቱ «ቦሮም ሳሬት» ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ የሚፈጅ ሲሆን፣ የአንድ ባለ ጋሪ የአንድ ቀን ውሎ ነው። ባለ ጋሪው ጋሪ ወደተከለከለበት ወደ ሀብታሞቹ ሰፈር ገብቶ ጋሪውን በፖሊስ ይነጠቃል። በሁለተኛው ምሽት የታየው ደግሞ የ1966ቱ «የእነ እገሌ ጥቁር» ነው። ድዋና የምትባል ልጅ ሕፃናት ለመጠበቅ ከዳካር ወደ ፈረንሳይ አገር ሄዳ፣ ምግብ አብሳይና ቤት ጠራጊ ሆና፣ በመጨረሻ ራሷን ትገድላለች። ጌታዋ ለእናቷ ደብዳቤ ልጻፍልሽ ብሎ ብዕሩን ሲያነሣ፣ በእርሷ ስም የሚጻፈው ቃል የእርሷ አለመሆኑን የምታውቅበት ቦታ፣ በአምስቱ ምሽት ካየሁት ሁሉ የበለጠ ልቤን ነክቶታል።

ይሁን እንጂ በሁለቱም ፊልሞች አንድ ጉድለት አለ። ባለ ጋሪው የሚያስበው በፈረንሳይኛ ነው። ድዋናም እንዲሁ፤ ያውም በሌላ ተዋናይት ድምፅ። ቃሏ ተነጠቀ ብሎ የሚያዝንላት ፊልም፣ ራሱ በጌቶቿ ቋንቋ ያናግራታል። ይህን ጉድለት ከሁሉ ይልቅ ያወቀው ራሱ ሴምቤን ይመስለኛል፤ የሚቀጥለው ሥራው ማስረጃ ነውና።

ይኸውም በሦስተኛው ምሽት የታየው የ1968ቱ «ማንዳቢ» ነው፤ ትርጓሜውም ሐዋላ ማለት ነው። ፊልሙ በፈረንሳይኛም በወሎፍም የተሠራ ሲሆን፣ ያየነው የወሎፉን ነው። ኢብራሂማ ዲየንግ ሥራ የሌለው፣ ሁለት ሚስትና ሰባት ልጆች ያሉት ሰው ነው። የእኅቱ ልጅ ከፓሪስ 25,000 ፍራንክ በሐዋላ ይልክለታል። ገንዘቡን ለመቀበል የመታወቂያ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ለመታወቂያው የልደት ምስክርና ፎቶግራፍ ያስፈልጋል፤ ለእነዚህም ገንዘብ ያስፈልጋል። ዘመድና ጎረቤት ግን ገንዘቡ የተከፈለ መስሎት ብድር ሊጠይቅ ይጎርፋል። በመጨረሻ የተማረ ዘመዱ በውክልና ይቀበልና ሌባ ሰረቀኝ ብሎ ይበላዋል። በዚህ ፊልም ሰዎቹ በራሳቸው አንደበት ስለሚናገሩ፣ ጭቅጭቁም፣ ልመናውም፣ ሐሜቱም ሕይወት አለው።

በዚያ ምሽት የሆነውን አንድ ነገር ልተርክ። አዳራሹ ከግማሽ በላይ ባዶ ነበር። የሲኒማ ቤቱ ዘበኛ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ ብርዱን ሸሽተው ገቡና ከአጠገቤ ተቀመጡ። ከሥዕሉ ግርጌ የሚወጣው ትርጉም በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር። ጥቂት እንደ ቈዩ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ሰውየው ምን ሆኜ ነው የሚለው?» አሉኝ። «አባባ፣ ገንዘብ ተልኮለት መታወቂያ የለህም ብለው ከለከሉት» አልኋቸው። ከዚያ ወዲያ ጨዋታውን በሹክሹክታ እየተረጐምሁላቸው ቀጠልን። ዲየንግ ከአንዱ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ሲመላለስ ግን የእኔን ትርጉም መጠበቅ ተዉ። «ነገ ተመለስ አሉት አይደል?» ብለው ቀድመውኝ ሳቁ። ፎቶግራፍ አንሺው ገንዘቡን ወስዶ ባዶ እጁን በሰደደው ጊዜ ግን አልሳቁም። በማግሥቱ ምሽት በር ላይ አግኝቻቸው ይግቡ ብላቸው፣ «አንተ ከሌለህ ማን ይነግረኛል?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ ለእኔ ብቻ የቀረበ አይደለም። ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ አልፎ አልፎ በነጭ ግድግዳ ላይ ፊልም ይታይ ነበር፤ አንድ መምህርም ከግድግዳው አጠገብ ቆሞ ንግግሩን በአማርኛ ያስረዳን ነበር። የሚጠይቀው ወጪ አልነበረም፤ አንድ የሚችል ሰው ብቻ ነበር። ታዲያ ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በቅርብ ርቀት በሚገኝ አዳራሽ፣ አምስት ምሽት ሙሉ አንድ አስተርጓሚ ማቆም ለምን አልተቻለም?

ምናልባት «በፊልም መካከል ሰው ሲናገር የአዘጋጁ ጥበብ ይበላሻል» የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ሴምቤን ዝምታን አጥብቆ የሚጠቀም አዘጋጅ ነው። ነገር ግን በግርጌ የሚጻፈውም ትርጉም ዐይንን ከሥዕሉ ይነጥቃል፤ ይህን ችለን የምንታገሠው ለእኛ ለተማርነው ስለሚጠቅመን ነው። ለሌላው የሚጠቅመውን ነውር ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

በአራተኛው ምሽት የታየው የ1975ቱ «ኻላ» በዚህ ነገር የሚፈርደው በእኛ ላይ ነው። ኤል ሐጂ የተባለው ነጋዴ ልጁ በወሎፍ ስትመልስለት ይቈጣል፤ ከነጋዴዎቹ ማኅበር ሊባረር በተሰበሰቡበት ዕለት ግን በወሎፍ ልናገር ብሎ ሲለምን ይከለከላል። ፊልሙን ስናይ በነጋዴዎቹ ላይ ሳቅን፤ እኛም የተቀመጥነው ግን እንግሊዝኛ የማያውቅ በማይገባበት አዳራሽ ነበር። በጥበብ ረገድ ስመዝነው «ኻላ» ከ«ማንዳቢ» ያንሳል፤ ሀብታሞቹ ሰዎች መሆናቸው ቀርቶ ለትምህርት የተሰቀሉ ሥዕሎች የሚመስሉበት ጊዜ አለና።

የመጨረሻው የ2004ቱ «ሞላዴ» ነው፤ ንግግሩም በባምባራ ቋንቋ ነው። ኮሌ የምትባል ሴት ከግርዛት ሸሽተው የመጡ አራት ልጃገረዶችን በቤቷ ታስጠጋለች። የመንደሩ ወንዶች ሴቶቹን ያበላሸው ሬዲዮ ነው ብለው የሴቶቹን ሬዲዮኖች ሰብስበው ያቃጥላሉ። ሰማንያ ዓመት የደረሰ ሽማግሌ አዘጋጅ፣ በሚገባ ቋንቋ የተነገረ ቃል ምን ያህል እንደሚፈራ በዚህ እሳት አሳየን። በአገራችን ከ2005 ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ የሴት ልጅን ግርዛት ከልክሏል፤ ሕግ ያልደረሰበት ቤት ግን አለ። ይህን ፊልም ማየት የሚገባቸው እናቶች በዚያ ምሽት በአዳራሹ አልነበሩም።

በራስ ቋንቋ ፊልም መሥራት ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። ኃይሌ ገሪማ በ1976 የወጣውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልሙን የሠራው፣ ገበሬውን በአማርኛ እያናገረ ነው። የጐደለን ምሳሌ ሳይሆን ልማድ ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የቋንቋ ተማሪዎች ሆነን የ«ማንዳቢ»ንና የ«ሞላዴ»ን ንግግር ወደ አማርኛ እንመልስ፤ መምህራንም ያርሙልን፤ ፊልሞቹ ዳግመኛ በሚታዩበት ጊዜ ሁለት አንባቢዎች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ከሥዕሉ አጠገብ ቆመው ያንብቡ። የሲኒማ ቤቱ ባለቤቶችም አንድ ምሽት ያለ መግቢያ ዋጋ በሩን ይክፈቱ። የ«ማንዳቢ»ን መጀመሪያ ክፍል እኔ ጀምሬዋለሁ። ሲያልቅ የመጀመሪያ አራሚው ማን እንደሚሆን ዐውቃለሁ፤ አሁንም በሲኒማ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል።