ለብ ያለ ውሃ

ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ ጋሸና ላይ ወደ ላሊበላ ይገነጠላል። ታኅሣሥ 29 ለሚከበረው ገናና ለንጉሥ ላሊበላ ልደት ይህን ብርዳም ደጋ በእግሩ ያቋረጠ ምእመን ላሊበላ ሲደርስ፣ እግሩን ሊያጥቡ ውሃ አሙቀው የሚጠብቁት አሉ። ሪዞርት ገብቶ መታሸትም ደስ ይላል፤ ይህን ግን አይተካም። አቧራ የጠገበው ተረከዝ ሳፋው ውስጥ ሲገባ ውሃው ወዲያው ይደፈርሳል። አጣቢው ጎንበስ ብሎ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ያሻል። እንግዳው «ኧረ ተዉ፣ አይገባም!» ይላል፤ ማን ሰምቶት! እምቢታውን ለማታ ቢያቆየው ይሻለዋል፦ ባረፈበት ቤት ጠላው ሲደገም፣ «በሞቴ» ሲበዛ፣ «በቃኝ፣ ልተኛ» ለማለት። ይህችን እምቢታ ከእጥበቱ እኩል እወዳታለሁ። የቤቱ እመቤት ብትቆጣም ቁርበቱን እስክታነጥፍ ነው።