«ማቋረጥ» ወይስ «ጣልቃ መግባት»?

በሲ ቋንቋ የሚጻፉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞችን በአማርኛ ለማስረዳት የሚሻ ሰው ፈጥነው ከሚፈትኑት ቃላት መካከል «ኢንተራፕት» እና «ሲግናል» ይገኛሉ። የመጀመሪያው «ማቋረጥ»፣ ሁለተኛው «ምልክት» እየተባለ ሲተረጐም እንሰማለን። ሁለቱም አቻዎች ለጆሮ እንግዳ አይደሉም፤ ለሙያው ግን ይበቃሉ ብለን አናምንም።

ምሳሌያችንን ከባሌ እንውሰድ፤ ሮቤ በሚገኘው መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪም ከስያሜው ተጠቃሚዎች አንዱ ነውና። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ይወርዳል ስንል፣ አልፎ ሄደ ማለታችን ነው። ልጁ ትምህርቱን አቋረጠ ስንል ተወው ማለታችን ነው። ንግግሬን አቋረጠኝ ስንል ግን ሌላው መካከል ገባ እንጂ ነገሩ አበቃ ማለታችን አይደለም። ለኢንተራፕት የሚስማማው ይህ ሦስተኛው ፍች ብቻ ነው፤ ይኸውም አንድ መሣሪያ ፕሮሰሰሩን ሲጠራው፣ ፕሮሰሰሩ የደረሰበትን መዝግቦ፣ የመጣውን ጉዳይ ፈጽሞ፣ ወደ ጀመረው ሥራ ይመለሳል። ተማሪው ቀድሞ የሚይዘው ግን ሁለተኛውን ፍች ነው።

ጕዳዩ የቃላት ውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተቸን ነበር። ሲግናል ከሥርዓተ ክወናው ወደ ፕሮግራሙ የሚደርስ ነው። ስሙ ራሱ ከኢንተራፕት የወጣው «ሲግኢንት» ሲደርስ፣ ፕሮግራመሩ አስተናጋጅ ተግባር ካላዘጋጀለት ፕሮግራሙ ይሞታል፤ ካዘጋጀለት ግን ያ ተግባር ሠርቶ ሲመለስ ዋናው ሥራ ካቆመበት ይቀጥላል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ዋናው ሥራ በ«ፕሪንትኤፍ» መካከል ሳለ አስተናጋጁም ያንኑ «ፕሪንትኤፍ» ቢጠራ፣ በከፊል የተሠራን ነገር ይነካል፤ ውጤቱም አይታወቅም። ስለዚህ ጠንቃቃ ፕሮግራመር በአስተናጋጁ ውስጥ አንድ ተለዋዋጭ ለውጦ ከመመለስ ብዙም አያልፍም። «ተቋረጠ» ሲባል «አበቃ» ብሎ የተረዳ ተማሪ ግን ይህን ጥንቃቄ ለምን ብሎ ያስበዋል?

«ጣልቃ መግባት» ይህን ሁሉ በግልጽ ይሸከማል፤ ጣልቃ የሚገባ፣ ባልተፈጸመ ነገር መካከል ነውና የሚገባው። ቃሉ የፖለቲካ ሽታ አለው የሚሉ ይኖራሉ፤ ሽታው ግን ከፍቹ አይበልጥም። በአካባቢው በሚነገረው በኦሮምኛም ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ «አዳን ኩቱ» ትምህርት ለተወም ይነገራል፣ «ጊዱ ሴኑ» ግን መካከል መግባት ነው። በሁለቱም ቋንቋዎች አንድ መንገድ መከተሉ በሁለቱ ለሚያስብ ተማሪ ይጠቅማል። «ማቋረጥ» የሚለው ለዩኒክሱ «ሲግኪል» ዓይነት ፍጻሜ ቢቆይ እንመርጣለን፤ እርሱን የሚያስተናግድ ተግባር ማዘጋጀት አይቻልምና።

ስለ «ምልክት» አጭር ነገር ይበቃል። በሲ ውስጥ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያላቸው ቁጥሮች ስላሉ ቃሉ ተይዟል፤ «ጥሪ» ተግባርን ለመጥራት፣ «ደወል» ደግሞ ድምፅ ለሚያሰማው ቁምፊ ያስፈልጋሉ። «ሬዲዮ» እንደ ኖረ «ሲግናል» ም ባለበት ይኑር።