አሰናብቶ መከልከል

ሠራተኛ ሲቀጥሩ፥ ከሥራ ከወጣ በኋላ በተፎካካሪ ድርጅት እንዳይገባ በውል የሚያስፈርሙ አሠሪዎች አሉ። የንግድ ምሥጢር መጠበቁን አንነቅፍም። የምንነቅፈው፥ አሠሪው ራሱ ያሰናበተውን ሠራተኛ በዚሁ ውል አስሮ ማቆየቱን ነው። «አልፈልግህም» ያለ ሰው፥ «ሌላም አይቅጠርህ» ለማለት ምን መብት አለው?

የጀርመን የንግድ ሕግ በአንቀጽ 75፥ በሠራተኛው በኩል በቂ ምክንያት ሳይኖር ስንብት ቢደረግ ክልከላው እንዲፈርስ ይፈቅዳል፤ አሠሪው ክልከላው እንዲጸና ከፈለገ ግን፥ ሲያሰናብት ሙሉ ደመወዙን እስከ ክልከላው መጨረሻ ለመክፈል መስማማት አለበት። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ከ1872 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲህ ያለውን ውል ዋጋ ብታሳጣም፥ የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን በ2024 ዓ.ም. ለአገሩ ሁሉ ያወጣውን እገዳ በቴክሳስ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት ሽሮታል።

ስለዚህ እንላለን፦ ያሰናበተ ይልቀቅ፤ ካልለቀቀም ይክፈል።