የተረከዝ ሕመም፣ የስንዴ ቡቃያ እና ባዶው ቅባት

ጠዋት ከአልጋ ወርደው መሬት ሲረግጡ ተረከዝን እንደ ሚስማር የሚወጋ፣ ትንሽ ሲራመዱ የሚለዝብ፣ ብዙ ሲቆሙ ደግሞ የሚመለስ ሕመም አለ። ከቤተሰባችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ አንድ ሰው ሳይዘው አይቀርም፤ በተለይ ሙሉ ቀን ቆሞ የሚሠራ ካለ። ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ «ፕላንታር ፋሲያይቲስ» ይሉታል። ፕላንታር ፋሺያ ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ በውስጥ እግር በኩል ወደ ጣቶች የሚዘረጋ፣ ጅማት የመሰለ ጠንካራ ሽፋን ነው። ስንቆምና ስንራመድ የእግራችንን ቅስት ደግፎ ይይዛል። ሲጎዳ ሕመሙ በአብዛኛው የሚሰማው ከተረከዙ ጋር በሚያያዝበት ቦታ ነው።

ይሄ ሕመም ወራት ይቆያል። ወራት የሚቆይ ሕመም ደግሞ መድኃኒት ሻጭ አያጣም። «ይሄን ቅጠል ቀጥቅጠህ እሰርበት»፣ «ይሄን ቅባት ጠዋትና ማታ ተቀቢው» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። ታዲያ አንድ የዕፅዋት ቅባት በእርግጥ እንደሚሠራ በምን እናውቃለን? እ.ኤ.አ. በ2006 «ኮምፕሊመንተሪ ቴራፒስ ኢን ሜዲስን» በተባለ መጽሔት የወጣ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ይህንኑ ጥያቄ አንስቷል። ጠንካራ ጎኑንም ደካማ ጎኑንም እስቲ እንመልከት።

የተፈተነው ነገር ከስንዴ ቡቃያ፣ ማለትም ገና ለጋ ከሆነው የስንዴ ቅጠል፣ የተሠራ ክሬም ነው። ተመራማሪዎቹ የቆየ የተረከዝ ሕመም ያለባቸውን 80 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። አንዱ ቡድን የስንዴ ቡቃያ ክሬም ተሰጠው፤ ሌላው የስንዴ ቡቃያ የሌለበት ባዶ ክሬም፣ በሕክምናው ቋንቋ ፕላሴቦ። ሁሉም በቀን ሁለት ጊዜ ለ6 ሳምንት ተቀቡ። የትኛው ክሬም እንደደረሳቸው ሕሙማኑም ሆኑ የሚመዝኗቸው ሰዎች አያውቁም ነበር። የጠዋቷ የመጀመሪያ እርምጃ ሕመም መጀመሪያ ላይ፣ በ6ኛው ሳምንትና በ12ኛው ሳምንት ተለካ።

ውጤቱ ምን ሆነ? የስንዴ ቡቃያውን የተቀቡት በደንብ ተሻላቸው። ባዶውን የተቀቡትም እንዲሁ በደንብ ተሻላቸው! በሁለቱ መካከል ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ይሄ ጥናት ባዶ ክሬም ባይኖረው ኖሮ ምን ይባል ነበር? «የስንዴ ቡቃያ ክሬም የተረከዝ ሕመምን ይቀንሳል፤ የተቀቡት ሰዎች ተሻላቸው» ይባል ነበር። ከቁጥሮቹ ውስጥ አንዱም ውሸት አይሆንም፤ መደምደሚያው ግን ስህተት ይሆናል። ስለዚህ የጥናቱ ዋና ነገር ያለው ባዶው ክሬም ላይ ነው።

ባዶ ክሬም የተቀባ ሰው ለምን ይሻለዋል? አንደኛ፣ የተረከዝ ሕመም ቀስ እያለ በራሱ የሚለቅ ሕመም ነው፤ አብዛኛው ሰው በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ በቀላል እንክብካቤ ይድናል። ሁለተኛ፣ ሕመም ከፍ ዝቅ ይላል። ሰው መድኃኒት የሚፈልገው ደግሞ ሲብስበት እንጂ ሲሻለው አይደለም። ከጣሪያው ላይ የተለካ ነገር በሚቀጥለው ልኬት ወረድ ብሎ ቢገኝ አያስገርምም። ሦስተኛ፣ ተስፋና ክትትል ራሳቸው የሕመም ስሜትን ይለውጣሉ። አራተኛ፣ በቀን ሁለት ጊዜ እግርን ማሸት አለ፤ እሱም የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል።

የጥናቱ ደካማ ጎን የሚታየውም እዚሁ ላይ ነው። ምንም ያልተቀባ ሦስተኛ ቡድን አልነበረውም። ስለዚህ ባዶውን ክሬም የተቀቡት የተሻላቸው በጊዜ ብዛት ይሁን፣ በማሸቱ ይሁን፣ በተስፋው ይሁን ከዚህ ጥናት መለየት አንችልም። ሌላው፣ 80 ሰው ለሁለት ሲከፈል ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ጥቃቅን ልዩነት ቢኖር እንኳ ሊያመልጥ ይችላል። እሺ፣ ግን ቅባት ሻጮች ቃል የሚገቡት ጥቃቅን ልዩነት አይደለም፤ «ይነቅለዋል» ነው የሚሉት። እንደዚያ ያለ ትልቅ ልዩነት ቢኖር ኖሮ መታየቱ አይቀርም ነበር።

የሥነ ሕይወት ጥያቄም አለ። ብዙ ቅባቶች የሚሸጡት «እብጠትና ብግነት ያጠፋል» ተብሎ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት ከ50 የቀዶ ሕክምና ጉዳዮች የተወሰዱ ናሙናዎችን መርምሮ ያገኘው ብግነት ሳይሆን የሽፋኑን መጎሳቆልና ማርጀት ነው። ከዚያ በተጨማሪ ተረከዝ ሥር ያለው ቆዳ ከሰውነታችን ወፍራም ቆዳዎች አንዱ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ የስብ ትራስ አለ። አንድ ቅባት ይህን ሁሉ አልፎ በቂ መጠን ይዞ እንዴት ሽፋኑ ጋ እንደሚደርስ ሻጩ ማስረዳት አለበት።

ይሄ ሁሉ «የዕፅዋት መድኃኒት ዋጋ የለውም» ማለት ነው? በፍጹም። በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በክሬምና በፕላስተር መልክ ተዘጋጅቶ ለነርቭ ሕመም ያገለግላል። ከእኛው አገር ደግሞ የዶክተር አክሊሉ ለማ ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት የወንዝ ዳር፣ ከሌላው ቦታ ይልቅ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አየ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ አስተላላፊዎች ናቸው። ልብ በሉ፦ ያየው የሞቱትን ብቻ አይደለም፤ እንዶድ ያለበትን ቦታ ከሌለበት ጋር አነጻጽሯል። ከዚያም ነገሩን ወደ ቤተ ሙከራ ወስዶ ፈተነው። አክሊሉን «እንዶድ ይሠራል» ያስባለው ንጽጽር ነው፤ የስንዴ ቡቃያውን ክሬም የጣለውም ያው ንጽጽር ነው።

ስለዚህ እናታችሁ ወይም የጎረቤታችሁ እትዬ «ይሄ ቅባት አዳነኝ» ቢሏችሁ ዋሹ አትበሉ። መዳናቸው እውነት ነው። ጥያቄው ያዳናቸው ቅባቱ ነው ወይስ ጊዜው የሚለው ነው፤ ይሄን ደግሞ አንድ ሰው በራሱ ተረከዝ ላይ ሊያውቀው አይችልም፤ ሳይቀባ ቢቀር ምን ይሆን እንደነበር ማየት አይችልማ! ጓደኛችሁ ቅባት ሲያስተዋውቅ ካያችሁ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ከምን ጋር ተነጻጸረ? ማን ምን እንደተቀባ ይታወቅ ነበር? ስንት ሰው ላይ ተሞከረ?

ጉዳዩ የክርክር ብቻም አይደለም። ለማይሠራ ቅባት የሚወጣው ብር ከቤት ወጪ ላይ የሚቀነስ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ የእግሩ ስሜት ስለሚደነዝዝ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ሲቀባ ቁስል ቢያወጣ እንኳ ላያስተውለው ይችላል፤ ለእሱ የእግር ጉዳይ የሐኪም ጉዳይ ነው። ለሌሎቻችን ግን ባትንና ውስጥ እግርን ማሳሳብ፣ ሶሉ ያላለቀና ተረከዝን የሚደግፍ ጫማ መጫማት፣ ረጅም መቆምን መቀነስ ጥሩ መነሻ ነው። ሕመሙ ከሳምንታት በኋላም ካልቀነሰ፣ ካበጠ ወይም ከደነዘዘ መታየት ይገባል። የስንዴ ቡቃያ ክሬም ገዝቶ ከመጠበቅ ግን ገንዘቡን ለጫማ ማዋል ይሻላል።