ሣሩን ያየ በጀት

አዲስ ቤት ያሠራ የአዲስ አበባ ሰው ቀለሙን አስቀብቶ፣ አጥሩን ጨርሶ ሲያበቃ አንድ ነገር ይቀረዋል፤ ሣር። ለበዓል የምንጎዘጉዘው ማለቴ አይደለም። እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ መጥቶ ግቢ ላይ የሚነጠፈውን ነው። ባለቤቱ ወረቀት ያወጣል፤ ግቢው መቶ ካሬ፣ የአንዱ ካሬ ዋጋ ይሄን ያህል፣ ሲባዛ ይሄን ያህል። በቃ፣ በጀት ተያዘ!

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን፣ «ደራሲው የጻፈውን ብቻ ሳይሆን የዘለለውንም አንብቡ» እላቸው ነበር። እስቲ ይህንንም ወረቀት እንዲያ እናንብበው።

መጀመሪያ የተዘለለው አፈሩ ነው። ሲሚንቶ በተደፋበትና የብሎኬት ስብርባሪ በተቀበረበት መሬት ላይ ሣር አይጸድቅም። ፍርስራሹ ተጠርጎ አፈር መልበስ አለበት። መቶ ካሬ ላይ ዐሥር ሴንቲ ሜትር ለማልበስ 10 ሜትር ኩብ አፈር ያስፈልጋል። መኪናው፣ ጫኝና አውራጁ፣ ፍጉ ገና አልተቆጠሩም። ጥጋጥጉ ሲስተካከል ተቆርጦ ለሚጣለውም ትንሽ ጨምሮ መግዛት ግድ ነው። ይሁን፤ ይሄ ሁሉ የአንድ ጊዜ ወጪ ነው። የሠርግ ወጪ በሉት። ወረቀቱ ጨርሶ የረሳው ትዳሩን ነው።

ትዳሩ ውሃ ነው። በበጋ ሣሩ እንደለመለመ እንዲቆይ በግርድፉ በሳምንት ሁለት ተኩል ሴንቲ ሜትር ውሃ ይፈልጋል። ለመቶ ካሬ ሲሰላ 2,500 ሊትር ይመጣል፤ በባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 125 ጀሪካን መሆኑ ነው። በየሳምንቱ! ክረምቱን ሰማዩ ይሸፍንልናል እንበል። ከጥቅምት በኋላ ያለውንስ? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነቅቶ ሮቶ የሚሞላው ዘበኛ እንቅልፍ በየትኛው መስመር ተጻፈ? ከአጥሩ ማዶ ጀሪካን ደርድራ የምትጠብቀው ጎረቤትስ?

ነገሩ ከሥሩም እንዲሁ ነበር። የታጨደ የሣር ሜዳ በእንግሊዝ መኳንንት ግቢ ሲገን፣ ኤድዊን በዲንግ እ.ኤ.አ. በ1830 የማጨጃውን መኪና ገና አልፈለሰፈም ነበር። ሣሩን የሚያስተካክለው የሰው ክንድ ነበር። ሜዳው፣ «ከብት የማላሰማራበት መሬት፣ ሣር የሚያጭድልኝም ሰው አለኝ» የሚል ማስታወቂያ ነበር ማለት ነው። እኛም ውበቱን ስንገዛ ማስታወቂያውን አብረን ገዛን። በአንጻሩ የአሜሪካዋ ኔቫዳ፣ የመኖሪያ ቤት ግቢዎችን ባትነካም፣ በላስ ቬጋስ አካባቢ ለጌጥ ብቻ የተተከለ ሣር እንዲነሣ እ.ኤ.አ. በ2021 በሕግ ወስናለች። ምክንያቷ የውሃ እጥረት ነው።

ሣር አትትከሉ አላልኩም። ልጅ የሚንከባለልበት ሃያ ካሬ ማንንም አይጎዳም። ሰርዶም አለን፤ በበጋ ቢገረጣ ዝናብ ሲመጣ ራሱ ይነሣል። መገርጣቱን ግን እንደ ውርደት መቁጠር መተው አለብን። ከመቶ ካሬ በፊት ይህችን ጥያቄ ወረቀቱ ላይ ጻፉ፤ ውሃው ከየት ይመጣል፣ ማንስ ይሸከመዋል?

ሣሩን አይቶ ገደሉን ስላላየው በሬ ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ኖረናል። በሬውስ ምን ያድርግ፣ በጀት አያወጣ።