ከሠረገላው ኋላ የተቀመጠችው ልጅ

ቤታቸውን ሸጠው ወይም አከራይተው፣ ትንንሽ ልጆቻቸውን በካራቫን ይዘው ዓመት ሁለት ዓመት መንገድ ላይ የሚኖሩ ቤተሰቦች በአውሮፓም በአሜሪካም ብርቅ አይደሉም። ስለዚህ ኑሮ የሚጻፈውን የተከታተለ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገለጥለታል፤ ጸሐፊው ሁልጊዜ ወላጅ ነው ማለት ይቻላል። ወላጁ ከቤት ኪራይና ከአለቃ ፊት ስለ መገላገል ይጽፋል። ልጆቹ ከመማሪያ ክፍል ይልቅ ከወንዝና ከተራራ ስለሚቀስሙት ዕውቀት ይጽፋል። ልጆቹ ፎቶው ውስጥ አሉ፤ ባዶ እግራቸውን ናቸው፣ ፀጉራቸውን ነፋስ በትኖታል፣ ይስቃሉ። ምን እንደሚያስቡ የሚነግረን ግን ያው ፎቶውን ያነሣው ሰው ነው።

ልጆቹ አድገው ብዕር ሲያነሡ ታሪኩ መልኩን ይለውጣል። ይህን ለማሳየት ሁለት መጻሕፍትን ጎን ለጎን አስቀምጬ ላንብብ። አንደኛው የአሜሪካዊቷ ላውራ ኢንጋልስ ዋይልደር «ሊትል ሃውስ ኦን ዘ ፕሬሪ» ነው፤ «በሜዳው ላይ ያለችው ትንሽ ቤት» ልንለው እንችላለን፤ የታተመው በ1935 ነው። ሁለተኛው የእንግሊዛዊቷ ኤስተር ፍሮይድ የመጀመሪያ ልብ ወለድ «ሂዲየስ ኪንኪ» ነው፤ በ1992 ታተመ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያው ቤተሰብ የሚጓዘው ፈረሶች በሚስቡት፣ ሸራ በለበሰ ሠረገላ ነው። ሁለተኛው ከለንደን በቫን ተነሥቶ ሞሮኮ ይገባል። መቶ ዓመት ያህል የሚለያዩ ጉዞዎች ናቸው። ሁለቱንም የሚያገናኛቸው መንገዱን የመረጠው ወላጅ፣ የምናየው ግን በትንሽ ልጅ ዓይን መሆኑ ነው።

የዋይልደር መጽሐፍ የሚነሣው ከዊስኮንሲን ጫካ ነው። አባት አካባቢው ሰው በዛበት ይላል፤ የእርሱ ያልሆነ መጥረቢያ፣ የእርሱ ያልሆነ ጠመንጃ ድምፅ ይሰማል። እናት በዚህ ብርድ፣ ከዚህ ሙቅ ቤት መውጣት የግድ ነው ወይ ብላ ትጠይቃለች። ከዚያ በላይ አትከራከርም። ልጆቹን ማንም አይጠይቃቸውም፤ መጽሐፉም ይህን እንደ በደል አይቆጥረውም። በዘመኑ ነገሩ እንዲያው ነበርና።

ከመጽሐፉ ሁሉ ለእኔ ትልቁ ቦታ የወንዙ ማቋረጥ ነው። ሠረገላው መካከል ሲደርስ ውኃው በድንገት ይሞላል። እናት ልጆቹን ወለሉ ላይ አስተኝታ ብርድ ልብስ ታለብሳቸዋለች፤ እንዳይንቀሳቀሱ ታዝዛቸዋለች። አባት ፈረሶቹን ሊመራ ውኃው ውስጥ ይገባል፣ እናት ልጓሙን ትይዛለች። በጀብዱ ታሪክ ልማድ ቢሆን ዓይናችን ከአባትየው ጋር ውኃ ውስጥ በገባ ነበር። ዋይልደር ግን ከብርድ ልብሱ ሥር ታስቀረናለች። የምናውቀው ላውራ የምትሰማውንና ሰውነቷ ላይ የሚሰማትን ብቻ ነው፤ የሠረገላውን መወዛወዝ፣ የውኃውን ድምፅ፣ የእናቷን ድምፅ መለወጥ። ወዲያ ማዶ ሲደርሱ ደግሞ ከሠረገላው ሥር ይከተል የነበረው ውሻ፣ ጃክ፣ የለም። ጃክን ሠረገላው ውስጥ ያስገባው ሰው አልነበረም። ላውራ የምትጠይቀው ስለ መሬቱ ወይም ስለ አዲሱ ኑሮ ሳይሆን ጃክ ገነት ይገባ እንደሆነ ነው። ጃክ ያን ሌሊት ወደ እሳቱ ይመለሳል፤ ቢሆንም አንባቢ አንድ ጊዜ ሒሳቡን አይቶታል። ወላጅ ጉዞን የሚለካው በሚደረስበት ቦታ ነው። ልጅ የምትለካው በጎደለው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። ዋይልደር የተወለደችው በ1867 ነው። ቤተሰቡ ካንሳስ የኖረው በ1869 እና በ1871 መካከል ነው። ስለዚህ ያኔ ሁለት፣ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ዓመቷ ነበር፤ መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ላውራ ግን ከዚያ ትበልጣለች። መጽሐፉን የጻፈችው የ68 ዓመት አዛውንት ናት፤ የወላጆቿን ወግ ሰብስባ፣ ራሷ ደራሲ የነበረች ልጇ ሮዝ ዋይልደር ሌን እያረመችላት። ታዲያ «የልጅ ድምፅ» የምንለው የማን ነው? እኔ የትውስታው ትክክለኛነት አያስጨንቀኝም። የሚገርመኝ አዛውንቷ ራሷን ያስቀመጠችበት ቦታ ነው። አባቷን ትወዳለች፤ መንገዱንም ትወዳለች፤ ከእናቷ ይልቅ የአባቷ ልጅ ናት። ነገር ግን ስትጽፍ ልጓሙን አልያዘችም። ከኋላ ተቀመጠች።

ይህ መቀመጫ የሚያሳየውም የሚደብቀውም አለው። ቤተሰቡ ቤት የሠራው የኦሴጅ ሕዝብ ይዞታ በሆነ መሬት ላይ ነበር። በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ በዚያ አገር ሰው የለም፣ ያሉት ሕንዶች ብቻ ናቸው የሚል ትርጉም የሚሰጥ ዓረፍተ ነገር ነበረ፤ አንድ አንባቢ ለአሳታሚው ጽፎ፣ ደራሲዋም ተስማምታ፣ በ1953 እትም «ሰው» የሚለው ቃል «ሰፋሪ» ተባለ። በ2018 የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር የልጆች ክፍል በስሟ ይሰጥ የነበረውን ሽልማት ስም ለውጦታል። የእርማቷ ቃል አማርኛ ስትሆን የምታደርገው ነገር አለ። ድንኳን ተክሎ የሚያድረውም ሰፋሪ ነው፣ የሰው መሬት ላይ ቤት የሚሠራውም ሰፋሪ ነው፤ ቡናና ጎረቤት ያለበት «ሰፈር»ም ከዚያው ሥር የወጣ ነው፣ መጀመሪያ የጦር ወይም የጉዞ ማደሪያ ነበር። እንግሊዝኛው በሦስት ቃል የለያየውን አማርኛ በአንድ ሥር ይዞታል፤ ለማደር ብሎ ድንኳን የተከለ ሰው መቼ ባለቤት ነኝ እንደሚል ቋንቋችን አጥርቶ አያውቅም።

መጽሐፉ መጨረሻ ገደማ ኦሴጆች አካባቢውን ለቀው ሲሄዱ ቤተሰቡ በር ላይ ቆሞ ያያል። ሰልፉ ረጅም ነው። ወንዶች፣ ሴቶች፣ ፈረስ ላይ የተቀመጡ ሕፃናት። ላውራ ከእናቱ ጎን በቅርጫት የሚሄድ አንድ ጥቁር ዓይን ሕፃን ታያለች፤ ያን ሕፃን ስጡኝ ብላ ታለቅሳለች። ስለዚህ ቦታ ብዙ ሒስ ተጽፏል፤ የልጅቷ ልመና የሰፋሪው ምኞት በልጅ አፍ ሲነገር ነው የሚሉ አሉ፣ እኔም እስማማለሁ። ሆኖም ሌላም ነገር አለበት። ሁለት ተጓዥ ቤተሰቦች ፊት ለፊት የተገናኙበት ብቸኛ ቦታ ይህ ነው። አንዱ መርጦ የመጣ፣ ሌላው ተገፍቶ የሚሄድ። በ1870 የወጣው ሕግ ኦሴጆች ካንሳስን ለቀው ወደ ዛሬዋ ኦክላሆማ እንዲሄዱ ያደርግ ነበር። በልጆቹ በኩል ግን፣ በቅርጫቱ ውስጥ ያለውም በር ላይ የቆመችውም፣ አንዳቸውም አልመረጡም። ላውራ ልዩነቱን አታውቅም። አዛውንቷ ደራሲ ታውቅ ነበር ወይ? ጽሑፉ እዚህ ላይ ከደራሲዋ የበለጠ የሚያውቅ ይመስለኛል።

ወደ ፍሮይድ ስንመጣ ነጻነት የሚለው ቃል ከአባት ወደ እናት ይሻገራል። ጊዜው ብዙ የአውሮፓ ወጣት ወደ ሞሮኮ የሚጎርፍበት ነው። እናት ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ከጓደኞቿ ጋር በቫን ትነሣለች፤ ማራኬሽ ርካሽ ሆቴል ውስጥ ያርፋሉ። ገንዘብ ከለንደን ከአባት ይላካል፣ ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ተራኪዋ አምስት ዓመቷ ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ስም የላትም። እህቷ ቢያ ሰባት ዓመቷ ነው። የመጽሐፉ ርእስ ራሱ ከቫኑ የወጣ ነው፤ አብራቸው የተጓዘች፣ ሌላ ነገር ብዙም የማትናገር ሴት የምትላቸው ሁለት ቃላት ናቸው። እህትማማቾቹ ትርጉማቸውን ሳያውቁ ቃላቱን ጨዋታ አደረጓቸው። አገር፣ ምግብና ጎረቤት በየወሩ ሲለዋወጥ የማይለዋወጥ አንድ ነገር ይዘዋል፣ እርሱም ሁለት የማይረቡ ቃላት ነው። ስለ ተጓዥ ልጆች ከተጻፈው ሁሉ ይህን ያህል እውነት ያለው ነገር አላነበብኩም።

ፍሮይድ ልጅቷን አታስተነትናትም። ልጅቷ የምታየውን ትናገራለች፣ ትርጉሙን ለእኛ ትተወዋለች። ቢላል የሚባለውን ሞሮኳዊ የእናቷን ወዳጅ አባቷ እንዲሆን ትመኛለች፤ ምኞቷን ስትናገር ግን ዳቦ እንደሚጠየቅ ሁሉ ትጠይቃለች። ቢያ ሌላ ናት። ቢያ የምትፈልገው ትምህርት ቤት ነው። ከዋናዎቹ ሰዎች ሁሉ የጉዞውን ሒሳብ የምትይዘው እርሷ ናት፤ እናቷ ሥርዓትን ለመሸሽ ይህን ሁሉ አገር አቋርጣ መጣች፣ ሰባት ዓመት የሆናት ልጅ ደግሞ ሰልፍና ደወል ትለምናለች። እናት የሱፊ መንገድ ፍለጋ ወደ አልጄሪያ ስትሄድ ትንሿን ይዛ ቢያን ማራኬሽ ትታት ትሄዳለች። ሲመለሱ ቢያ የተዋት ቦታ የለችም፤ ፍለጋ ይጀመራል። ጸሐፊዋ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። እናትየዋን አልከሰሰቻትም፤ እናትየዋ ጨካኝ አይደለችም፣ ወጣት ናት፣ ልጆቿን ትወዳለች፣ ታቅፋቸዋለች፣ ትዘምርላቸዋለች። መጽሐፉን ከባድ ያደረገው ይህ ነው። ክፉ እናት ብትሆን አንባቢ ይገላገል ነበር።

በ1998 ጊሊስ ማኪነን ልብ ወለዱን ፊልም አደረገው፤ እናቷን የሠራችው ኬት ዊንስሌት ናት። ፊልሙ መልከ መልካም ነው። ለተራኪዋም ስም ሰጥቷታል፣ ሉሲ። ትረካውን ግን ከእጇ ወስዶ ለእናትየዋ ሰጥቷል፤ የፍቅሩ ታሪክ ሰፋ፣ የገበያው ቀለም ደመቀ፣ ልጆቹ ወደ ፎቶው ተመለሱ።

ከእነዚህ ጋር ሦስተኛ መጽሐፍ በአጭሩ ላንሣ፤ የሮአልድ ዳል «ዳኒ፣ ዘ ቻምፒዮን ኦፍ ዘ ወርልድ»፣ 1975። ዳኒ እናቱ በአራት ወሩ ሞታበት ከአባቱ ጋር በአሮጌ ካራቫን ይኖራል። መብራታቸው ፋኖስ ነው፣ አልጋቸው ተደራራቢ፤ ድህነቱ ግልጽ ነው። ልጁ ግን ደስተኛ ነው፣ ደስታውንም እናምነዋለን። ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ካራቫኑ አይንቀሳቀስም። ነዳጅ ማደያው አጠገብ ቆሟል፣ ዳኒ ሰባት ዓመት ሲሞላው መንደር ውስጥ ትምህርት ቤት ይገባል፣ አባቱ ማታ ተረት ይነግረዋል። ዳል የካራቫንን ውበት ሁሉ ለልጁ ሰጥቶ ጉዞውን ብቻ ወሰደበት። (ዳል ራሱ የዚህ ዓይነት ካራቫን ግቢው ውስጥ ለልጆቹ አቁሞ ነበር፤ ያም አይንቀሳቀስም ነበር።)

ይህ ጉዞን ለመኮነን የቀረበ ማስረጃ እንዳይመስል። በዚህ ገጽ አንባቢዎች መካከል ወላጆቹ በመረጡለት ከተማ፣ በመረጡለት ቋንቋ አድጎ ዛሬ «የእኔ» የሚለው ሰው ብዙ ነው፤ መረጣችሁልኝ ብሎ ማመስገንና ለምን አልጠየቃችሁኝም ብሎ ማዘን በአንድ ልብ እንደሚኖሩ ከማንም ይበልጥ ያውቃል። ዋይልደርም ይህን ሁለትነት አልሸሸችም። በኋለኞቹ መጻሕፍት ላውራ ከአባቷ ጋር ወደ ምዕራብ መሄድ ትፈልጋለች፤ አባት ግን ለእናት ቃል ገብቷል፣ ልጆቹ መማር አለባቸው፣ ጉዞው ዳኮታ ላይ ቆመ። ቢያ የለመነችውን ነገር እዚህ ያስፈጸመችው እናት ናት። ላውራ ይህን ውሳኔ አልወደደችውም።

ያልጻፈችው ግን አለ። ቤተሰቡ ከሚኒሶታ ተነሥቶ በ1876 ወደ አዮዋ በር ኦክ መንደር ሲሄድ፣ መንገድ ላይ ዘመድ ቤት አርፈው ሳሉ፣ ብቸኛው ወንድ ልጅ ፍሬዲ ሞተ። ዘጠኝ ወሩ ነበር። ዋይልደር «ፓዮኒር ገርል» በሚለው፣ ለአዋቂዎች በጻፈችውና በ2014 ብቻ በማብራሪያ በታተመው ግለ ታሪኳ ይህን በጥቂት መስመር አስፍራዋለች። በልጆቹ መጻሕፍት ግን ፍሬዲ አልተወለደም፤ በር ኦክም የለችም። የፕለም ክሪክ መጽሐፍ ሲዘጋና በ1939 የታተመው «ባይ ዘ ሾርስ ኦፍ ሲልቨር ሌክ» ሲከፈት በመካከሉ ያሉት ዓመታት ተዘለዋል፤ ሜሪ ዓይኗ ጠፍቷል፣ ግሬስ የምትባል ሕፃን ተጨምራለች።

ያ መጽሐፍ ግን ገና ሲጀምር የጃክን ሞት ይተርካል፤ ወንዙን የተሻገረው ውሻ አርጅቶ፣ ሌላ ጉዞ ሊነሡ ሲሉ በመኝታው ይሞታል። ላውራ በሥራ ተጠምዳ ረስታው እንደነበር እያሰበች ታዝናለች፤ ጃክም ይቀበራል። በእውነቱ ጃክ እንዲህ አልሞተም። በግለ ታሪኩ መሠረት አባት ከብዙ ዓመት በፊት ፈረሶቹን ሲለውጥ ውሻውም አብሯቸው ቀርቷል። ዋይልደር ያላየችውን ሞት ለውሻው ፈጠረችለት፣ መቃብርም ሰጠችው፤ የሆነውም በተዘለሉት ዓመታት ልክ ማዶ፣ የፍሬዲ ስም መነሣት በነበረበት ገጽ ላይ ነው።